ቤተ ልሔም መድረስ የተሳነው ፓትርያርክ

የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በደረሰ ቁጥር የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ ካህናቱንና ምእመናኑን አስከትሎ ወደ ቤተ ልሔም መውረዱ፣ በዋሻው ላይ በታነጸው ቤተ ክርስቲያንም ሌሊቱን በጸሎትና በቅዳሴ ማሳለፉ የቆየ ሥርዓት ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ሽማግሌውም ሕፃኑም በእግሩ የሚወጣው መንገድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ634 ዓ.ም.፣ በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 627 ዓ.ም. በዋለው የልደት በዓል ግን ይህ አጭር መንገድ ተዘጋ። ከበረሃ የመጣው የዐረቦች ጦር ቤተ ልሔምን በመያዙ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ መውጣት ለሕይወት የሚያሰጋ ሆነ።

በዓሉ የዋለው በዕለተ እሑድ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የተሾመው አረጋዊ ፓትርያርክ ሶፍሮንዮስ ሕዝቡን በኢየሩሳሌም ውስጥ በምትገኘው በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሰብስቦ የልደትን ስብከት እዚያው ሰበከ። ስብከቱ እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየ ሲሆን፣ ያነበበው ሁሉ ከደስታ ይልቅ ኀዘን የበዛበት የገና ስብከት መሆኑን ይመሰክራል። ፓትርያርኩ ራሱንና ሕዝቡን የመሰለው ከገነት ተባርሮ በር ላይ በቆመው በአዳም ነው። አዳምን ያገደችው የምትንበለበለው ሰይፍ ነበረች፤ እነርሱን ያገደቻቸው ደግሞ የዐረቦች ሰይፍ ናት። እረኞችና ሰብአ ሰገል ወደ በረቱ ሲገቡ የቅርብ ጎረቤቶቹ ግን ከሩቅ መመልከት ብቻ ቀረላቸው። ዳዊት በፍልስጥኤማውያን ጦር ተከልክሎ የቤተ ልሔምን ጉድጓድ ውኃ እንደናፈቀ ሁሉ እርሱም ያን ዋሻ ናፈቀ። የመከራውንም ምክንያት በጠላት ላይ ሳይሆን በራሱና በሕዝቡ ኃጢአት ላይ አደረገው።

ውድ አንባቢያን፣ ከ3 ወይም ከ4 ዓመታት በኋላ የኢየሩሳሌምን በር ለኸሊፋ ዑመር ኢብን አል ኸጣብ የከፈተው ይኸው ፓትርያርክ ነው። መስጊድ የት ይሠራ፣ የትስ አይሠራ የሚለው ጥያቄ በቅድስት ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣውም በእርሱ ዘመን ነው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ምክንያት የሶፍሮንዮስ ሕይወት ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶፍሮንዮስ በ560 ዓ.ም. ገደማ በደማስቆ ተወለደ። በወጣትነቱ የንግግር ጥበብን ተምሮ መምህር እስከ መሆን በመድረሱ ሶፊስት፣ ማለትም የጥበብ መምህር የሚለው መጠሪያ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም። ሕይወቱን የለወጠው ግን ከዮሐንስ ሞስኮስ ጋር መገናኘቱ ነው። ይህ መነኩሴ በቤተ ልሔም አቅራቢያ ባለው በቅዱስ ቴዎዶስዮስ ገዳም የመነኮሰ ሲሆን፣ ሶፍሮንዮስም በኋላ በዚያው ገዳም ምንኩስናን ተቀብሏል። ሁለቱ ወዳጆች ከዚያ ወዲያ ዐሥርት ዓመታትን አብረው ተጓዙ። የግብፅን ገዳማት ጎበኙ፤ ወደ ደብረ ሲና ወጡ፤ ወደ አንጾኪያና ወደ እስክንድርያ፣ በመጨረሻም እስከ ሮም ድረስ ዘለቁ። በየገዳሙ ያገኟቸውን አባቶች ታሪክ ሞስኮስ ጽፎ መጽሐፉን ለጓደኛው ለሶፍሮንዮስ አበረከተለት። መጽሐፉ በአበባ የተሞላ መስክ በሚል ትርጉም ይታወቃል። ሞስኮስ በሮም ባረፈ ጊዜም ዐፅሙ በደቀ መዛሙርቱ አጀብ ወደ ቴዎዶስዮስ ገዳም ተመልሶ ተቀብሯል።

በእስክንድርያ ሳሉ ሶፍሮንዮስ ዐይኑን በጽኑ ታመመ። የከተማይቱ ሐኪሞች ሊፈውሱት ስላልቻሉ በከተማዋ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ሰማዕታቱ ወደ አቡቂርና ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በዚያ ተፈወሰ። ስለ ውለታቸውም 70 ተአምራታቸውን ጽፏል። እነዚህ ሰማዕታት የእኛም ስንክሳር የሚዘክራቸው ናቸው። ሌላም የሚያስተሳስረን ነገር አለ። በበረሃ ለንስሓ የኖረችው የማርያም ግብፃዊት ገድል በጥንት ጊዜ ጀምሮ በሶፍሮንዮስ ስም ሲነገር ኖሯል። ጸሐፊው በእርግጥ እርሱ ስለ መሆኑ ሊቃውንት ቢከራከሩም ስሙ ከገድሉ ተለይቶ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ሶፍሮንዮስ በሃይማኖት ትምህርት ከኬልቄዶን ወገን እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። ፓትርያርክ ሆኖ በተሾመ ጊዜ በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ ደብዳቤ አባቶቻችንን ዲዮስቆሮስንና ሳዊሮስን ከመናፍቃን ጎራ ቆጥሯቸዋል። በእስክንድርያም የኬልቄዶናውያኑን ፓትርያርክ መሐሪውን ዮሐንስን በክርክር ይረዳ የነበረው በእኛው ወገኖች ላይ ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ የምናነበው በትምህርቱ ስለ ተስማማን አይደለም። በዘመኑ የገዛ ወገኖቹን እንኳ ከመቃወም ወደ ኋላ አላለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሕርቃል የተከፋፈሉትን ክርስቲያኖች በአንድ ቀመር ለማስታረቅ በፈለገ ጊዜ፣ በ633 ዓ.ም. የእስክንድርያው ቂሮስ ያወጣውን የስምምነት አንቀጽ እንዳያውጅ ሶፍሮንዮስ ተማጽኖታል፤ አልተሰማለትም እንጂ። ይኸው ቂሮስ የግብፅን ተዋሕዶ ክርስቲያኖች ለ10 ዓመት ያህል ያሳደደና ፓትርያርካቸውን አባ ብንያምን ለስደት የዳረገ ሰው ነው። መንግሥት የሃይማኖትን ጉዳይ በጉልበት ለመጨረስ ሲነሣ የሚደርሰውን ጥፋት ያ ዘመን በሚገባ አሳይቷል። ዐረቦች በመጡ ጊዜ በግብፅና በሶርያ ብዙው ክርስቲያን ለቢዛንታይን መንግሥት ልቡን ያልሰጠበት አንዱ ምክንያትም ይህ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ያትታሉ።

ኢየሩሳሌም ዑመርን ከማየቷ በፊት ሌላ መከራ አይታለች። በ614 ዓ.ም. የፋርስ ጦር ከተማይቱን ሰብሮ ገባ፤ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ተገደለ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ፓትርያርክ ዘካርያስ ተማረከ፤ ቅዱስ መስቀሉም ወደ ፋርስ ተወሰደ። ሶፍሮንዮስ በዚያን ጊዜ በባዕድ አገር ሆኖ ስለ ከተማይቱ ውድቀት የልቅሶ ቅኔ ጽፏል። ሕርቃል ፋርሶችን ድል ነሥቶ መስቀሉን በ630 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም መለሰ፤ ስንክሳራችንም ይህን ነገር መጋቢት 10 ቀን ያነሣዋል። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ጊዜ አይሁድን ከኢየሩሳሌም አባርሮ ነበር። አንዱ ሃይማኖት ሲነግሥ ሌላው የሚባረርባት ከተማ እንደ ነበረች ልብ ይሏል።

በ636 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የቢዛንታይን ጦር በያርሙክ ወንዝ አጠገብ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌምን ሊያድን የሚመጣ ሠራዊት አልነበረም። ከተማይቱ ለወራት ተከበበች። በመጨረሻም በ637 ወይም በ638 ዓ.ም. ሶፍሮንዮስ እጁን ለመስጠት ተስማማ። ትውፊቱ እንደሚያስረዳው ቃል ኪዳኑን የሚቀበለው ከጦር አዛዦቹ ሳይሆን ከራሱ ከኸሊፋው እንዲሆን ጠየቀ። ዑመርም ጥያቄውን ተቀብሎ መጣ።

ስለ አመጣጡ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ጽፈዋል። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ቴዎፋንስ ኸሊፋው ከግመል ጠጉር የተሠራ ያደፈ ልብስ ለብሶ እንደ ገባ፣ ፓትርያርኩ ንጹሕ ልብስ ቢያቀርብለት አልቀበልም እንዳለና በብዙ ልመና የገዛ ልብሱ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ብቻ እንደ ተዋሰው ይተርካል። በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ከአገልጋዩ ጋር በአንድ ግመል ላይ በተራ እየተቀመጡ እንደ መጡ ይነገራል። ቴዎፋንስ ግን ሌላም ነገር ጨምሯል። ሶፍሮንዮስ ዑመርን በቅድስናው ስፍራ ባየው ጊዜ ነቢዩ ዳንኤል የተናገረለት የጥፋት ርኵሰት በቅዱሱ ቦታ ቆመ ብሎ አለቀሰ ይላል። ሁለቱ ሰዎች በወዳጅነት ተቃቅፈው እንደ ገቡ አድርገን መሳል አይገባንም። አንዱ አሸናፊ፣ ሌላው ተሸናፊ ነበር።

የሙስሊሞቹ ታሪክ ጸሐፊ አል ጠበሪ የቃል ኪዳኑን ይዘት አቆይቶልናል። የኢየሩሳሌም ሰዎች ነፍሳቸው፣ ንብረታቸው፣ አብያተ ክርስቲያናታቸውና መስቀሎቻቸው ይጠበቃሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ አይፈርሱም፣ ማደሪያም አይሆኑም፤ ማንም በሃይማኖቱ አይገደድም፤ ከሮማውያን ጋር መሄድ የሚፈልግም በሰላም ይሄዳል። በምላሹ ነዋሪዎቹ ጂዝያ የተባለውን ግብር ይከፍላሉ። በዚህ በአል ጠበሪ ጽሑፍ አይሁድ ከክርስቲያኖቹ ጋር በከተማይቱ እንዳይኖሩ የሚል አንቀጽም አለበት። ከካይሮ ምኵራብ የተገኘ የአይሁድ ጽሑፍ በአንጻሩ ዑመር 70 የአይሁድ ቤተሰቦች ከጥብርያዶስ መጥተው እንዲኖሩ እንደ ፈቀደ ያወሳል። ሊቃውንት በቃል ኪዳኑ ቃላት ላይ ይከራከራሉ። በዑመር ስም የሚጠራውና አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሥራትን፣ ደወል መደወልንና መስቀል ማሳየትን የሚከለክለው ሌላው ሰነድም በኋላ ዘመን የተጠናቀረ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ የተሰጠው ነጻነት በግብርና በበታችነት የተገዛ ነጻነት መሆኑ አይካድም፤ በዚያ ዘመን የቢዛንታይን ነገሥታት ለአይሁድና ለተዋሕዶ ክርስቲያኖች ይህን ያህሉንም አልሰጡም ነበር።

እጅግ የታወቀው ክፍል ከዚህ ይቀጥላል። ታሪኩን የጻፈው በ940 ዓ.ም. ያረፈው የእስክንድርያ የመለካውያን ፓትርያርክ አውጣኪዮስ፣ በዐረብኛ ስሙ ሰዒድ ኢብን በጥሪቅ ነው። ዑመር በትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ተቀምጦ ሳለ የሶላት ሰዓት ደረሰ። ፓትርያርኩ እዚያው እንዲሰግድ ቢጋብዘው አልፈለገም። ወደ ታላቁ የቆስጠንጢኖስ ቤተ ክርስቲያን አስገብቶ ምንጣፍ ቢያነጥፍለትም አሁንም አልፈለገም። ከዚያ በምሥራቅ በኩል ባለው በር ወጥቶ በደረጃው ላይ ብቻውን ሰገደ። ምክንያቱንም ራሱ ለፓትርያርኩ አስረዳው። በውስጥ ቢሰግድ ኖሮ ከእርሱ በኋላ የሚመጡ ሙስሊሞች ዑመር የሰገደበት ነው ብለው ቤተ ክርስቲያኑን ይወስዱት ነበርና። በዚህም ሳያበቃ በደረጃው ላይ ሙስሊሞች አንድ በአንድ እንጂ ተሰብስበው እንዳይሰግዱ፣ አዛንም እንዳይጠራበት የሚያዝዝ ጽሑፍ ሰጠው።

ይህ ሰው አሸናፊ ሆኖ ሳለ የገዛ ተከታዮቹን የነገ ምኞት አስቀድሞ መጠርጠሩ ያስደንቃል። የጦር አለቃ ከተማ ይይዛል፤ በማግሥቱ የት መቆም እንደሌለበት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ኢብን ኢስሃቅ የተባለው የነቢዩ መሐመድ ሕይወት ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ በ615 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ሸሽተው ወደ አገራችን ሲሰደዱ ዑመር ገና ሙስሊም ያልሆነና እነርሱን የሚያስጨንቅ ብርቱ ሰው ነበር። አንዲት ሴት ወደ ሐበሻ ለመሄድ ጓዟን ስትሸክፍ አይቷት አዘነላት፤ በሰላም እንድትደርስም ተመኘላት። ሴትዮዋ ለባሏ ይህንኑ ብትነግረው የዑመር ልብ ይለሰልሳል ብሎ ማመን አቃተው። ስደተኞቹን የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ ክርስቲያን ነበር። ዑመር ይህን ውለታ ከ20 ዓመታት በኋላ በኢየሩሳሌም ደረጃ ላይ አስታውሶት ይሆን ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱን ግን የጻፈልን የለም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ዑመር መስጊድ የሚሠራበት ስፍራ እንዲያሳየው ፓትርያርኩን ጠየቀ። እንደ አውጣኪዮስ አተራረክ ሶፍሮንዮስ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ የነበረበትን ቦታ አሳየው። ክርስቲያኖች ስለ ቤተ መቅደሱ ጌታ የተናገረውን፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀር ያለውን ቃል በማሰብ ስፍራውን ሳይሠሩበት ትተውት ስለ ነበር የጥራጊ መጣያ ሆኖ ነበር። ዑመርም ልብሱን ዘርግቶ ጥራጊውን መሸከም ጀመረ፤ ተከታዮቹም ተከተሉት። በሙስሊሞቹ ትውፊት መስጊዱ ከታላቁ ዐለት በስተ ሰሜን ይሁን ብሎ የመከረው ሰው ቢኖርም ዑመር አልተስማማም፤ ፊቱን ወደ መካ እንጂ ወደ ዐለቱ ማድረግ አልፈለገምና በደቡብ በኩል እንዲሠራ አደረገ። በ680 ዓ.ም. ገደማ ኢየሩሳሌምን የጎበኘው ምዕራባዊው ጳጳስ አርኩልፍ ያየው ከእንጨት የተሠራ፣ 3,000 ሰው ይይዛል የተባለ ተራ ቤት ነበር። ዛሬ በሥዕል ሁሉ የሚታየው ባለ ወርቅ ጉልላት ሕንፃ በ691 ወይም በ692 ዓ.ም. በኸሊፋ ዐብድ አል መሊክ የተሠራ ነው፤ ብዙ ሰው የዑመር መስጊድ እያለ ቢጠራውም ዑመር የሠራው አይደለም።

አውጣኪዮስ የጻፈው ከነገሩ 3 መቶ ዓመት በኋላ ነው። ለዘመኑ የቀረበ ሌላ ታሪክ ደግሞ በሞስኮስ መጽሐፍ የጆርጂያ ትርጉም መጨረሻ ላይ ተጨምሮ ተገኝቷል። እዚያ የምናየው ሶፍሮንዮስ ስፍራውን በእጁ የሚያመለክተው ለዛ ያለው ሽማግሌ አይደለም። ዐረቦቹ ከተማይቱን እንደ ያዙ ስፍራውን የሚያጸዱና መስጊዱን የሚሠሩ ሰዎች ሰበሰቡ፤ አንዳንዱ ተገድዶ፣ አንዳንዱም ወዶ ሄደ። ወደው ከሄዱት አንዱ ዮሐንስ የተባለ ሊቀ ዲያቆናት ነበር፤ የእብነ በረድ ሥራ የተካነ ባለ ሙያ ነውና ክፍያው ማረከው። ፓትርያርኩ ይህን በሰማ ጊዜ አስጠርቶ እንደ አባት ለመነው፤ በከተማይቱ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሞልቷልና የሚያገኘውን እጥፍ እከፍልሃለሁ አለው። ዮሐንስ እሺ ብሎ ቃል ገባ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በስውር እዚያው ሲሠራ ተገኘ። ፓትርያርኩም ከቤተ ክርስቲያን ለየው። ብዙም ሳይቆይ ዮሐንስ በሌላ ሥራ ላይ ሳለ ከመሰላል ወድቆ ሞተ ይላል ታሪኩ።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናነብ የትኛውን እንመን የሚል ጥያቄ ይመጣል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው የሶፍሮንዮስን ልብ የበለጠ ያሳያል። ስለ ገና የሰበከውን ያነበበ ሰው በዚያ ስፍራ ላይ ሲሠራ ያየው ሕንፃ ምን ያህል እንደ ቆጠቆጠው ይረዳል። ነገር ግን በዚህ በሁለተኛው ታሪክ እንኳ የከለከለው የራሱን ካህን ነው። መስጊዱ እንዳይሠራ ሕዝብ አላስነሣም፤ ሊያስነሣም አይችልም ነበር። ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ያውቃል፤ በሥልጣኑ ውስጥ ያለውን ግን አልተወም። የሙስሊሙም የጸሎት ቤት የማግኘት ፍላጎት፣ የክርስቲያኑም ቍስል እውነተኛ ነበር። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አክሱምን ማሰቡ አይቀርም።

ሶፍሮንዮስ ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ638 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ። ዕድሜው ወደ 80 ተጠግቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ የኢየሩሳሌም መንበር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሹመት የጸና ፓትርያርክ ሳያገኝ ኖሯል። ዑመርም በ644 ዓ.ም. በመዲና መስጊድ ሲሰግድ በስለት ተወግቶ ሞተ።

ደረጃውስ ምን ሆነ? ዑመር የፈራው አልቀረም። አውጣኪዮስ ራሱ በዘመኑ ሙስሊሞች የዑመርን ትእዛዝ ተላልፈው የደረጃውን ስፍራ ግማሽ ወስደው መስጊድ እንደ ሠሩበት በኀዘን ጽፏል። በ1009 ዓ.ም. የግብፁ ገዥ አል ሐኪም የትንሣኤውን ቤተ ክርስቲያን አስፈረሰው። በ1048 ዓ.ም. በከፊል ሲታደስ ታላቁ የቆስጠንጢኖስ ሕንፃ እንደ ፈረሰ ቀረ፤ መግቢያውም ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዞረ። የሰላሐዲን ልጅ አል አፍደል በ1193 ዓ.ም. ለዑመር መታሰቢያ የሚሆን መስጊድ ሲያሠራ በአዲሱ መግቢያ ፊት ለፊት አሠራው። ስለዚህ ዛሬ ተሳላሚው ከቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ሆኖ ሚናራውን የሚያየው መስጊድ ዑመር በሰገደበት ቦታ ላይ የቆመ አይደለም። የሚገርመው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙትና በሩን የሚከፍቱት ጁዳና ኑሰይባ የተባሉ ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው። ክርስቲያኖቹ እርስ በርስ ባለመተማመናቸው ይህ ሥርዓት ለዘመናት ጸንቷል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ስፍራው ሩቅ አይደለም። መነኮሳቶቻችን የሚኖሩበት ዴር ሡልጣን የሚገኘው ከቅድስት እሌኒ ቤተ መቅደስ በላይ፣ ያ ታላቅ የቆስጠንጢኖስ ሕንፃ በነበረበት ክልል ላይ ነው። ከኻን አል ዘይት ገበያ ተነሥቶ ወደ ገዳሙ የሚያስወጣው ደረጃም የጥንቱ የምሥራቅ በር ከነበረበት ብዙ አይርቅም። የእኛ ተሳላሚ በዚያ ሲወጣ ዑመር ከሰገደበት ስፍራ አጠገብ ያልፋል ማለት ነው።

በቅርቡ ዘመንም ነገሩ በዚያው አገር ተደግሟል። በናዝሬት ከብሥራት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ቦታ ላይ ታላቅ መስጊድ ለመሥራት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ብርቱ ክርክር ተነሣ። በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ወር የእስራኤል መንግሥት በሰጠው ፈቃድ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በተቃውሞ የቅድስት ምድር አብያተ ክርስቲያናትን ለ2 ቀናት ዘጉ። ፈቃዱ በ2002 ዓ.ም. ተሻረ፤ የተጀመረው መሠረትም በ2003 ዓ.ም. ፈረሰ። ጎረቤታሞቹ ራሳቸው ቀድመው ያልተነጋገሩበትን ነገር መንግሥት መጀመሪያ ፈቅዶ ኋላ ማፍረሱ ሁለቱንም ወገን ያስቀየመ ነበር።

ቤተ ልሔም ግን ሌላ መንገድ ይዛለች። እንደ አውጣኪዮስ ትረካ ዑመር ወደ ቤተ ልሔምም ሄዶ በልደቱ ቤተ ክርስቲያን በደቡብ በኩል ባለው ክፍል ሰግዷል፤ በዚያም ሙስሊሞች አንድ በአንድ ብቻ እንዲሰግዱ፣ አዛን እንዳይጠሩና ምንም ነገር እንዳይለውጡ የሚል ጽሑፍ ሰጥቷል። ይህም ትእዛዝ በኋላ ዘመን አልተከበረም። በ1860 ዓ.ም. ግን የቤተ ልሔም ሙስሊሞች የራሳቸውን መስጊድ ከአደባባዩ ማዶ፣ ከልደቱ ቤተ ክርስቲያን ትይዩ ሠሩ፤ ስሙንም የዑመር መስጊድ አሉት። መሬቱን የሰጠቻቸው የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ናት። መስጊዱ በ1955 ዓ.ም. ታድሷል።

በታኅሣሥ 28 ሌሊት ወደ ቤተ ልሔም የሚወርዱት የኢትዮጵያ ካህናትና ተሳላሚዎች ሶፍሮንዮስ ሊሄድበት ያልቻለውን 9 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚቆሙት በዚያ አደባባይ ነው፤ በአንድ በኩል መስጊዱ፣ በሌላው በኩል ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ትንሹ የልደት ቤተ ክርስቲያን በር።